ለአንድ ስንዝር ውኃ

ኖርዌይ ሄጄ ተመልሻለሁ። ለማትሄዱት ልንገራችሁ፤ ብዙ አልቀረባችሁም። አገሩ ውኃ ነው፣ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ሰዉ ደግሞ እዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ለሁለት ሰዓት ለመውጣት ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ይቀመጣል። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያረጀሁ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣና ዳር ጀልባ ወደብ ላይ ጭነት መዛኝ ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። ጀልባ ላይ ምን እንደሚጫንና ምን እንደማይጫን ማንም አይነግረኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ስታነቡ እንዳትስቁብኝ ነው። ብትስቁም አልሰማችሁም።

የሄድኩት እህቴን አስካለን ለመጠየቅ ነው። ታናሼ ናት። ኦስሎ ከገባች ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አብዛኛውን የትምህርት ቤት ወለል ስታጸዳ ኖራለች። ወለሉ ጸዳ፣ ጉልበቷ አለቀ። ሐኪሞቹ የቀኝ ጉልበቷን ሊቀይሩላት ለጳጉሜን 5 ቀጥረዋታል። ቀጠሮው ካመለጣት፣ ወይም በዕለቱ ጉንፋን እንኳ ይዟት ከተገኘች፣ ወረፋው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ያ ማለት ሌላ አንድ ዓመት በክራንች ማለት ነው።

ይህ እያለ እህቴ ስለት ገብታለች። «የጳጉሜን ውኃ ሳይነካኝ ቢላ አይነካኝም» ብላ ቁጭ። ከአገር ከወጣች ጀምሮ በጳጉሜን ወራጅ ውኃ ገብታ አታውቅም። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን። «ሰማይ ተከፍቶ እኔ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ሥር ልቁም?» ትላለች። ባሕሩ ደጇ ነው፤ ግን ጨው ነው፣ እሷም ጨው አልፈልግም፣ ከጫካ የሚወርድ ጣፋጭ ውኃ ነው የምፈልገው አለች። ሴት ልጇ ሶስና ለምና፣ ተቆጥታ፣ አልቅሳ ሲያቅታት ስልክ ደውላ «አጎቴ፣ መጥተህ አሳምናት» አለችኝ። እኔ የጳጉሜን ውኃ ከልጅነቴ ወዲህ የተውኩት ነገር ነው። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ነሐሴ 29

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ኦስሎ። አውሮፕላን ውስጥ ስለተሰጠን ምግብ አልናገርም፤ ምግቡም ስለ ራሱ የሚናገረው የለውም። ሶስና አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ እዚያው የተወለደች፣ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ውስጥ የምትሠራ። አማርኛዋ ደህና ነው፤ እርስዎ የሚባለው ነገር ግን አልተሻገረም። «ደከመህ አጎቴ?» አለችኝ። አልደከመኝም አልኩ።

በከተማው ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ሞርተንሩድ ድረስ ሄድን። ባቡሩ ሙሉ ነበር፤ አንድም ሰው አላወራም። ባሕር ዳር ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ከተገናኘ ሲወርድ ተዛምዶ ነው። እዚህ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሰላም ብለው መስኮቱን ማየት ጀመረ። ስንወርድ ደረጃውን ብረቱን ይዤ ወረድኩ። ሶስና ጉልበቴን ስታይ «ምነው?» አለች፤ «ከወንበሩ ነው» አልኳት።

አስካለ በር ላይ በሁለት ክራንች ቆማ ጠበቀችኝ። ስሄድ አስቤው የነበረው የልጅነት ፊቷን ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እራት ስንበላ ማሳመን ጀመርኩ። ስለ እግዚአብሔር ርኅራኄ፣ ስለ ቧንቧ ውኃ፣ ስለ ቀጠሮ ብዙ ተናገርኩ። አስካለ ሰምታኝ ሰምታኝ «ጋሼ፣ ወጡ ቀዘቀዘ፤ ብላ» አለችኝ። የማሳመኑ ሥራ በዚሁ አበቃ።

ጳጉሜን 1

ማሳመን ሲያቅት ጀልባ ተፈለገ። ጀልባው የተገኘው ፕሪንስዳል ከምትኖር ቶሪል ከምትባል የሰባ ዓመት ሴትዮ ነው። ቶሪል አስካለ ስታጸዳው በነበረው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ወጥታ፣ ባሏ ሞቶባት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጀልባና ብዙ ወረቀት ይዛ ትኖራለች። ጠዋት ጠራችንና ሄድን። ቤቷ በር ላይ ጫማ አስወለቀችን። እንግዳ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው ስብሰባ የሚገባው፤ የእኔ ካልሲ ደግሞ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ነበረው።

ጠረጴዛው ላይ ካርታ፣ የሰዓት ሠንጠረዥ፣ የንፋስ ትንበያ፣ እርሳስ በሦስት ቀለም። ሶስና ታስተረጉማለች። ነገሩ ይህ ነው። ከፎርዱ፣ ወደ መሬት ከገባው የባሕር ክንድ፣ ጥግ ባሕሩ ጋ የምትገባ ትንሽ ወንዝ አለች። ዳርና ዳሯ ገደል ነው፤ መውረጃው የእንጨት ደረጃ ነው፤ አስካለ በዚያ ጉልበት አትወርድም። ስለዚህ በጀልባ ከባሕሩ ወደ ወንዟ አፍ መግባት ነው። ወንዟ አፍ ላይ ግን የአሸዋ ጉብታ አለ፤ ጀልባ የሚያልፈው ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ጨው ውኃው ወንዟ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጉብታውን አልፎ፣ ጨው የማይደርስበት መታጠፊያ ድረስ ወደ ላይ መቅዘፍ፣ እዚያ ጸሎቱን ማድረስ፣ ከዚያ ውኃው ሳይጎድል መውጣት።

«ባሕሩ ስንት ነው የሚሞላው?» አልኩ።

ቶሪል በእጇ አሳየችኝ። ስንዝር ምናልባት ስንዝር ተኩል።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጣና በክረምት ሲሞላ በዓመት አንዴ ነው፤ ሞልቶም የሰው ልክ ያህል ነው፤ ሰው ያያል፣ ያውቃል፣ አሳ አጥማጁ ታንኳውን ወደ ላይ ይጎትታል፣ አለቀ። ይኼ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ስንዝር ከፍ ስንዝር ዝቅ ይላል፤ ለዚያ ስንዝር ሠንጠረዥ ታትሞለታል። «ለአንድ ስንዝር ውኃ ነው ይህ ሁሉ እርሳስ?» አልኩ። ሶስና አልተረጎመችውም። ቶሪል ግን ሳቄን አይታ በእርጋታ አንድ ነገር ተናገረች።

«ንፋስ ከሰሜን ከነፈሰ ውኃው ከተጻፈው በታች ይወርዳል ትላለች» አለች ሶስና። «ለዚህ ነው ፕላን ቤ፣ ሁለተኛው ዕቅድ፣ ያለው።»

ፕላን ቤም ነበረ። ፕላን ሴም ነበረ። ሽንት ቤት የሚገባበት ሰዓት ተጽፏል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ተስሏል። ጀልባዋ ላይ ሦስት ክብ ተስሏል፤ ቶሪል፣ ሶስና፣ አስካለ። እኔ የለሁም።

«እኔ የት ነኝ?»

«አንተ ዳር ላይ ፎጣ ይዘህ ትጠብቃለህ» አለች ሶስና።

ሠላሳ ዓመት ጀልባ ላይ የኖርኩ ሰው ፎጣ ይዤ! እህቴ በማታውቀው ውኃ ላይ ስትሄድ እኔ ዳር አልቆምም አልኩ። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ቶሪል አራተኛ ክብ ሣለችና እርሳሷን አንሥታ ዐይን ዐይኔን እያየች ጠየቀች። ሶስና ፈራ ተባ እያለች «ኪሎህ ስንት ነው ትላለች» አለችኝ።

የሌላውን ሰው ኪሎ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። በበግ ላይ፣ በጤፍ ጆንያ ላይ፣ በቡና ኬሻ ላይ አንድም ጊዜ ዋሽቼ አላውቅም። በራሴ ላይ ግን፣ ባል በሞተባት ሴትዮ ፊት፣ ቀዳዳ ካልሲ አድርጌ፣ «ሰማንያ» አልኩ። ዘጠና ስምንት ነኝ። አስካለ ቀና ብላ አየችኝና አጎነበሰች። ቶሪል ሰማንያ ብላ ጻፈች።

ምሳ አቀረበችልን። ቁራሽ ዳቦ፣ በላዩ ቡናማ አይብ። አይቡ መልኩም ጣዕሙም ከስኳር ጋር የተቀቀለ ሳሙና ነው። አንዱን ቁራሽ ከሌላው ለመለየት በመሐል ወረቀት ታስገባለች፤ ማትፓከ ይሉታል፣ አገሩ ሁሉ ሥራ ቦታ ይዞት የሚሄደው ምሳ ነው። እንዲህ ያለ ዘይትና መርከብ ያለው አገር ምሳው ወረቀት የገባበት ዳቦ ነው። አንድ ቁራሽ በልቼ ጠገብኩ አልኩ።

ጳጉሜን 2

ሶስና የምትኖረው ግሩነርሎካ ነው፤ ድሮ የሠራተኛ ሰፈር የነበረ፣ አሁን ካፌና ብስክሌት የሞላበት። ውኃ ላይ የሚለበሰውን ተንሳፋፊ ጃኬት ከጎረቤቷ ተውሳልኝ ልለካው ሄድኩ። ቤቷ በር ላይ ወንዝ ያልፋል፤ ጥሩ ወንዝ፣ ድንጋይ ላይ የሚንፏፏ። ቆሜ አየሁትና «ታዲያ ይኼ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ናይ፣ አይሆንም አጎቴ! እዚህ? ሯጩ ሁሉ እያየ፣ እማዬ በነጠላ?»

እውነትም በዚያች ደቂቃ አሥራ አንድ ሰው በአጭር ሱሪ ሮጦ አለፈን። ማን እያባረራቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ጃኬቱ ሆዴ ላይ አልገጥም አለ። ሶስና መለያ ጽሑፉን አነበበችና «እስከ ዘጠና ኪሎ ይላል፤ መግጠም ነበረበት» አለች። የእጅ ሥራው ደካማ ነው አልኩ። እሷም በገመድ አሰረችልኝ።

ማታ ሞርተንሩድ ስመለስ ቤቱ በጠርሙስ ተሞልቷል። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሯል። የማይመጣው ሁሉ፣ ሥራ ያለበት፣ ልጅ ያለው፣ አልጋ የያዘ፣ ባዶ ጠርሙስ ልኳል። የለስላሳ፣ የጭማቂ፣ የዘይት፣ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካንም አንድ ሁለት አለ። እያንዳንዱ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ የክርስትና ስም ተጽፏል፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ አመተ ጊዮርጊስ። አስካለ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ትለጥፋለች፣ ትቆጥራለች፣ በሁለት ትልልቅ የገበያ ከረጢት ታደራጃለች። ከዚያች ሴትዮ ፕላን ውስጥ ይኼ የለም አልኳት።

«ለቶሪል አትንገራት። ባዶ ጠርሙስ ምን ይከብዳል?»

ባዶ ጠርሙስ ምንም አይከብድም። እኔም፣ የጭነት መዛኙ፣ «ምንም አይከብድም» አልኩ። ይህችን ቃል ከአፌ ማውጣቴን አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ጳጉሜን 3

ጠዋት ብርሃን ነበር። ቶሪል ጀልባ ማሰሪያው ጋ ቀድማ ደርሳ ጠበቀችን። ጀልባ ያልኩት ከሰው አፍ ተውሼ ነው፤ የቆርቆሮ ገበቴ ነው፣ ከኋላው ሞተር ያለው። ቶሪል ጫማዬን አይታ ራሷን ነቀነቀችና የሟች ባሏን የላስቲክ ቦቲ ከመኪናዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የሱፍ ሹራቡንም ሰጠችኝ። ልክ ሆነኝ፤ ሰውዬው ወፍራም ኖሯል፣ ነፍሱን ይማር።

ከረጢቶቹን ስታይ ቆጠረቻቸው፣ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዘነቻቸው፣ ባዶ መሆናቸውን አይታ ዝም አለች። ያች ዝምታ ጥፋቷ ነበረች። ከፕላኑ ሁሉ ውስጥ የሠራችው ጥፋት ይህች ብቻ ናት።

ባሕሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ሄድን። አስካለ መሐል ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ነጠላዋን ከላይ ደርባ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትደግማለች። ወንዟ አፍ ስንደርስ ቶሪል ሞተሩን ወደ ላይ አነሣችና በመቅዘፊያ ገፋች። የአሸዋውን ጉብታ የጀልባዋ ሆድ ሳይነካ አለፍነው። በስተቀኝ የአሳ አጥማጅ የነበሩ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉ፤ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አየን፤ እኛም አየነው፤ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ውኃው እየጠበበ ዛፎቹ እየገጠሙ መጡ። ሶስና እጇን ጭልፋ አድርጋ ቀመሰችና «ጨው የለውም!» አለች። ቶሪል ጀልባዋን ከዛፍ ሥር አሰረች።

እዚያ ጋ ነው ሥራ የተሰጠኝ። ቶሪል ምልክት የተጫረበት ዱላ ዳሩ ላይ ተከለችና ውኃው ከሁለተኛው ጭረት በታች ሲወርድ ተናገር አለችኝ። ፊቴን ወደ ዱላው፣ ጀርባዬን ወደ እህቴ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ደንብም ያ ነው።

አስካለን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሶስና በጆግ ትቀዳለች። የመጀመሪያው ውኃ ሲፈስባት የጮኸችው ጩኸት ወፍ ከዛፍ አስነሣ። ሁለተኛው ላይ ጮኸች። ሦስተኛው ላይ ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ባሕር ዳር፣ እሷ ስድስት እኔ አሥር ዓመታችን ሆኖ፣ እናታችን ዓባይ ዳር ጠዋት በጳጉሜን ስታስገባን የምትስቀው ሳቅ ነው። ሃያ አራት ዓመት በስልክ ስናወራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ዐይኔ እንባ ሞላ፣ ዱላው ሁለት ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ ጠርሙሶቹ ወጡ። እያንዳንዱን ስሙን እየጠራች፣ «ለወለተ ማርያም፣ ሩፋኤል ይማርሽ» እያለች ታስሞላለች። ውኃው አንደኛውን ጭረት አለፈ። ንፋስ ተነሣ፤ ከሰሜን ነበር። ውኃው ሁለተኛውን ጭረት ነካ፣ ከዚያም ራቀው። አየሁት። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ግን እህቴ ከኋላዬ እየሳቀች ነበር፤ ለአንድ ስንዝር ውኃ ብዬ ላቋርጣት አልፈለግሁም። አፌን ዘጋሁ።

ቶሪል ራሷ መጥታ ዱላውን አየች። እኔንም አየችኝ። ገመዱን ፈታች። አስካለን አድርቀን፣ አልብሰን፣ ጠቅልለን፣ ሁለቱን ከረጢት እግሯ ሥር ጭነን በፍጥነት ወረድን። ጉብታው ጋ ስንደርስ ጀልባዋ ከሥር አንድ የሚቧጥጥ ድምፅ አሰማችና ቆመች። ቶሪል ገፋች፤ ሶስና ገፋች። አልተነቃነቀችም።

ዳሩ ሩቅ አይደለም፤ ግን ረግረግ ነው፣ በክራንች የሚሄዱበት አይደለም። ውኃው የሚመለሰው ማታ ነው። አስካለ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ንፋሱ ይነፍሳል፣ ቢላው ከነገ ወዲያ ነው።

ቶሪል ወረቀቷን አወጣች። እውነቴን ነው፤ እዚያ መሐል ላይ ወረቀቷን አወጣች። ተናገረች፤ ሶስና ተረጎመች።

«ሒሳቡ አይገጥምም ትላለች። በዚህ ውኃ ላይ በዚህ ጭነት ማለፍ ነበረብን ትላለች። አጎቴ፣ እውነቱን ንገረን፤ ስንት ነህ?»

«ዘጠና ስምንት» አልኩ።

«ጠርሙሶቹስ?»

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ይህን የማያውቅ መዛኝ የለም። ከረጢቶቹን አየሁ። ሃምሳ ኪሎ፤ ግማሽ ኩንታል። ይህን ያህል ጤፍ አንድ ነጋዴ ደብቆ ቢጭንብኝ ወደቡን በጩኸት አናውጠው ነበር።

ሶስና አንዱን ጀሪካን አነሣች። «በቃ፣ እንድፋው!»

«እንዳትነኪው!» አለች አስካለ። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «የሰው አደራ ነው! አልጋ ላይ ሆና የላከች አለች!»

«እማዬ፣ አንቺ ከታመምሽ ኦፕራሲዮኑ የለም! አንድ ዓመት! ሩሊግ አትበይኝ!»

ማንም ሩሊግ፣ ረጋ በይ፣ ያላት የለም፤ ቶሪል ብቻ እኔን ታያለች። እኔም ታላቅ ነኝና ፈረድኩ። «አስካለ፣ ይደፋ። ሩፋኤል ይቅር ይላል» አልኩና ከከረጢቱ ላይ ያለውን ጠርሙስ አነሣሁ። ክዳኑን ስይዝ ስሙን አነበብኩ። ወልደ ሰንበት ይላል።

ወልደ ሰንበት የእኔ የክርስትና ስም ነው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ሚስቴ እንኳ ታውቀው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

«ይኼ ማን ነው?» አልኩ።

«አንተ ነህ ጋሼ» አለች አስካለ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ደረጃ ስትወርድ ብረት ይዘህ እንደምትወርድ ሶስና ነግራኛለች። እኔ ጉልበት አላውቅም? ስምህን በሹክሹክታ ጠርቼ መጀመሪያ የሞላሁት ያንተን ነው። ደፋው እንግዲህ።»

ጠርሙሱን ከረጢቱ ውስጥ መልሼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ጀልባዋ ላይ ያለውን ጭነት እንደ ድሮው በዐይኔ መዘንኩ። ቶሪል ጀልባውን ታውቃለች፣ ታስፈልጋለች። ሶስና እናቷን ትይዛለች። አስካለ ባለጉዳይ ናት። ውኃው አደራ ነው። ፕላኑ ላይ ያልነበረ፣ ለምንም የማይጠቅም፣ ከሁሉም የሚከብድ አንድ ጭነት ብቻ ነበር። ተነሥቼ በጀልባዋ ኋላ፣ ጉብታው ባበቃበት ጥልቅ፣ ከነቦቲዬ ወረድኩ።

የውኃውን ቅዝቃዜ የምገልጽበት ቃል የለኝም። ወገቤ ድረስ ገባሁ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፣ ትንፋሼ ተቋረጠ። ጀልባዋ ግን ከአሸዋው ስትነሣ በእጄ ታወቀኝ። ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ተንሸራታ ወጣች፣ እኔ ደግሞ በግንባሬ ተደፋሁ። ከራሴ ፀጉር እስከ ጥፍሬ፣ በሩፋኤል ቀን፣ ሙሉ በሙሉ ገባሁ። ስወጣ አስካለ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

«ሦስቴ ነው የሚገባው ጋሼ!»

አንዴ ይበቃል አልኩ፣ ሌላም ነገር አልኩ፣ የማይጻፍ።

በረግረጉ ወደ እንጨት ቤቶቹ ወጣሁ። አንዱ ቦቲ ጭቃ ውስጥ ቀረ። በረንዳው ላይ የነበረው ሽማግሌ ሰላም ሳይለኝ ተነሣ፣ ቤት ገባ፣ ፎጣና የሱፍ ካልሲ ይዞ ወጣ፣ ሰጠኝ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ቃል አልተናገረም። ይህን ያህል ደግነት ያለ አንድ ቃል ሲደረግ አይቼ አላውቅም፤ አሁንም ትንሽ ያናድደኛል። ቶሪል ጀልባዋን ከቤቶቹ ፊት ወዳለው ማሰሪያ አምጥታ ጫነችኝ። ስለ ቦቲው ይቅርታ ስጠይቃት ሶስና እየሳቀች ተረጎመች።

«ባሌም እዚያው ቦታ ነው የጣለው፤ ይኼ ሁለተኛው ጥንድ ነው ትላለች።»

ከዚያ ማትፓከዋን አወጣች። አራት ቁራሽ ከነቡናማው አይብ በላሁ። ወረቀቱንም ልበላው ምንም አልቀረኝም።

ጳጉሜን 4

አስካለ በጤና ነቃች፤ እኔ በማስነጠስ። ሶስና ገና በር ላይ ስታየኝ «ናይ፣ ናይ፣ ናይ» አለችና ከእናቷ ቤት አስወጣችኝ። ጉንፋኔ ከተጋባባት ቀጠሮው የለም። በእንግድነት የመጣሁ ሰው ተባርሬ ፕሪንስዳል ቶሪል ቤት ተላክሁ። ይህም ተጽፎ ነበር፤ ፕላን ሴ ማለት «ሰው ከታመመ እኔ ቤት ይተኛል» ማለት ነው ኖሯል።

ከቶሪል ጋር ቋንቋ የለንም። እሷ ሾርባ ታመጣለች፣ እኔ እጠጣለሁ። እሷ «ያ?» ትላለች፣ እኔ «ያ» እላለሁ። እኛ አገር እንግዳ ሲታመም ጎረቤቱ ሁሉ ገብቶ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ይመክራል፣ ያስለቅሳል። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ማዶ ክፍል ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነባለች። ሳልነግራት ስስል ትነሣለች። ከሰዓት በኋላ በእርሳስ ሁለት ክብ ሥላ አሳየችኝ፤ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፤ ትልቁ እኔ፣ ትንሿ ጉልበት የተሳለባት እህቴ። የሁለታችንም ነገር ነገ ያልቃል ማለቷ ነው ብዬ ተረዳሁ።

ጳጉሜን 5

ሲከሁሱ፣ ሆስፒታሉ ማለት ነው፣ አስካለን ጠዋት ተቀበለ። ሙቀቷን ለኩ፤ ደህና። እኔ መስኮት ዳር ሆኜ ከስልኩ ዐይኔን አልነቀልኩም። እህቴን ለማሳመን ዓለም አቋርጬ መጥቼ በቀኗ ከጎኗ የለሁም። ከሰዓት በኋላ ሶስና ደወለች፤ አልቅሳ ነበር። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ በማደንዘዣ የሰከረ የሚመስል።

«ጋሼ፣ ጉልበቴን ቀየሩት፤ ታጠፈ» አለች አስካለ። «አንተስ ተሻለህ? ወልደ ሰንበት?»

ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። ቶሪል ማዶ ክፍል መጽሐፏን ዘጋችና ወጥታ ሄደች፣ ሰው ሲያለቅስ አይታይም ብላ መሆን አለበት። ስትመለስ ከአትክልቷ የቆረጠችው ቢጫ አበባ በእጇ ነበር። ነገ ዘመን መለወጫችን መሆኑን ሶስና ነግራት ወረቀቷ ላይ ጽፋው ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች።

መስከረም 6

ከእህቴ ጋር የቀሩኝን ቀናት ሞርተንሩድ አሳለፍኩ። በአንድ ክራንች ከአልጋ እስከ በር ትሄዳለች። ጠርሙሶቹን የሰጧት ሁሉ መጥተው ወሰዱ። የኔን ሻንጣዬ ውስጥ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ ከተተች፤ አልወስድም ብል ሰሚ አላገኘሁም። ስሄድ ቶሪል አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ነዳችኝ፣ ማትፓከም ጨመረችልኝ። ሻንጣዬ ሲመዘን ሚዛኑን ቆሜ አነበብኩ፤ አንድ ኪሎ ተኩል ትርፍ ነበረው። ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ልጅ አየችኝ፣ አየኋት፣ አሳለፈችው።

አሁን ባሕር ዳር ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ኖርዌይ ብርድ ነው፣ ምግቡ ወረቀት የገባበት ነው፣ ሰዉ ሰላም አይልም እላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው። ጠርሙሱ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ሚስቴ ምንድን ነው ስትለኝ የኖርዌይ ወንዝ ነው፣ አትንኪው አልኳት። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ስነሣ ቀኝ ጉልበቴ እንደ ልማዱ አልታዘዝ አለ። ማንም ሳያየኝ ክዳኑን ከፍቼ በእጄ መዳፍ ትንሽ አፈሰስኩና አሸሁበት። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ለእህቴ እንዳትነግሩብኝ።